ሦስቱ የማዮኔዝ ባልዲዎች

ውድ ግርማዬ፣

አገር ቤት ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ይባል ነበር። አንተን ይህን መጠየቅ ከተውኩ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። ስለዚህ የራሴን ልንገርህ። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድኩት። ላንተ የዋሸሁት ይበቃኛል። ደህና አይደለሁም ግርማዬ። ከማክሰኞ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ምክንያቱን ልነግርህ ነው። ግን ዘው ብዬ ልገባበት አቅም አጣሁ። መጀመሪያ ስለ ቤታችን ላውራህ።

ቤታችን ያው ነው፤ ስኪልደርስዋይክ የሚባለው ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ትራም ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ የሚንጫጫበት። አንተ የተኛህበት የጓሮው ክፍል የሜሮን ሆኗል። ያዋሱን የበሽተኛ አልጋ በሳምንቱ ተወሰደ፤ እግሮቹ ምንጣፉ ላይ የተዉት አራት ጉድጓድ ግን አሁንም አለ። ሜሮን ጠረጴዛዋን እዚያው ላይ አቁማዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሞላት። በአማርኛ ጀምራ በደች ትጨርሳለች። ሊጠይቁን የሚመጡትን ወይዘሮ አስካለን «አንቺ» ስትላቸው ፊታቸው ይጠቁራል፣ እኔም «እርስዎ በይ» እያልኩ መቆጣት ሆኗል ሥራዬ። እሷ ግን ሰው ሁሉ እኩል ነው ብላ ትከራከረኛለች፤ አስተማሪዋ እንደዚያ ብላታለች። ክርክሩን ካንተ ነው የወሰደችው።

እኔ ጠዋት የቢሮ ጽዳቱ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አረጋውያን ቤት ገብቻለሁ። ወፍራሙን ካፖርትህን ሮተርዳም ለመጣ አዲስ ስደተኛ ሰጠሁት። ባለፈው ታኅሣሥ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ለብሶት ከኋላው አየሁትና እስከ ባቡሩ በር ድረስ ተከተልኩት። ልጁ ዞር ብሎ «እትዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። ምን ልበለው?

ወንድምህ ጽፎ ነበር። እናትህ ደህና ናቸው፤ ደርግም እንዳለ ነው። መርዶውን ለእናትህ የነገሯቸው በስድስተኛው ወር ነው አለ። እስከዚያ ድረስ ሆላንድ ሆኖ ሥራ በዝቶበት ነው የማይጽፈው እያሉ ሲዋሿቸው ከረሙ። ሳነብ ተናደድኩባቸው፤ ከዚያ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

ይኸው፣ ሳላስበው ደረስኩበት። ትንሽ ብቻ ታገሰኝ።

ከሁሉ የሚናፍቀኝ አምስተርዳም ኖርድ ያሳለፍነው የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ያቺ አንዲት ክፍላችን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጀልባውን ይዘን ወደ ሰፈራችን ስንሻገር ቀጥ ብለህ ወደ ቤት ሄደህ አታውቅም። የፈረንጆቹን የአትክልት ቦታዎች በአጥር ላይ እያየህ መዞር ነበር። ጅማ የእርሻ መምህር የነበርክ ሰው፣ ፋብሪካ ውስጥ ሳጥን ስትደረድር ሰንብተህ፣ እሁድ የሰው ጎመን ትመረምራለህ። ይሄኛው ውኃ በዝቶበታል፤ ያኛው ማዳበሪያ ርቦታል፤ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ቲማቲሙን ዛፍ ሥር ደብቆ ከእግዚአብሔር ፍሬ ይጠብቃል። ከመንገድ ላይ ሆነህ በአንድ እይታ ነበር የምታውቀው። እኔ እስቃለሁ እንጂ አልሰማህም። የሺ የመርካቶ ልጅ ስለሆነች ጎመን ጉሊት ላይ የሚበቅል ነው የሚመስላት እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። ምነው ያኔ ሰምቼህ ቢሆን።

ከዚያ ወደዚህ ቤት ተዛወርን፣ ያ በሽታም መጣ። በሽታው ብቻ ሳይሆን የሮተርዳሙ ሆስፒታል የሚሰጥህ መድኃኒት ጭምር ነበር የሚጎዳህ፤ አንድ ማንኪያ ሾርባ እንኳ ሆድህ አልይዝ አለ። ታች የምትኖረዋ ፈረንጅ ጎረቤታችን፣ ሜቭራው ማለት በነሱ አፍ ወይዘሮ ነው፣ ሜቭራው ኮሪ ያቺን የሻይ ቆርቆሮ ይዛ የመጣችው ያኔ ነው። ሟቹ ባሏ እንዳንተው ታሞ ሳለ ምግብ ያስበላው ይሄ ነው ብላ ክዳኑን ከፈተች። ዘር ነበር፣ ድፍን ምስር የሚያክል። «ዊት» አለችው በነሱ አፍ። ሐሺሽ ማለቷ እንደሆነ ሲገባኝ ቆርቆሮውን ልመልስላት እጄን ዘረጋሁ። አንተ ግን ቀደምከኝ። ዘሩን መዳፍህ ላይ አፍስሰህ አገላብጠህ ስታይ ፊትህ ላይ የመምህሩ ግርማ መልክ ተመለሰ፤ ያንን መልክ ካየሁት ወራት አልፎኝ ነበር። ሱቅ ሄጄ የደረቀውን ልግዛልህ ብትልህ የማላውቀው ሰው ያበቀለውን አልወስድም አልክ። «ራሴ ዘርቼ ራሴ እበላዋለሁ» አልክ።

ከፋሲካ በኋላ ዘራኸው። ጥግ ያለው የድንች መጥበሻ ቤት የጣላቸውን ሦስት የማዮኔዝ ባልዲዎች አምጥቼ አጠብኩልህ፣ አንተ ተቀምጠህ ታቻቸውን በምስማር በሳህ። የፊት ለፊቱ መስኮት ላይ ደረደርካቸው። በወሩ አንድ ስንዝር አልፈው ጥቁር አረንጓዴ ሆኑ፤ ሜሮን በየቀኑ በማስመሪያዋ ትለካቸው ነበር። ሜቭራው ኮሪ ለሦስት ተክል ፖሊስ ደረጃ አይወጣም ብላ ማለችልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የፈራሁት ፖሊስ አልነበረም። የፈራሁት የኛን ሰው ነው።

ግንቦት ሲያልቅ አልጋ ላይ ዋልክ። የኛን ነገር ታውቃለህ፤ የታመመ ሰው አለ ከተባለ ደውሎ የሚመጣ የለም። ከአምስተርዳምም፣ ከሮተርዳምም፣ ብርቱካን በላስቲክ ተይዞ በሩ ይንኳኳል። ከሥራ መልስ ሁለት ሰው፣ ቅዳሜ አሥር ሰው፣ ሦስት ሰዓት ቁጭ ነው። ወይዘሮ አስካለማ ከቭላርዲንገን ድረስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጡ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። የሚቀመጡትም የት ነው? የፊት ለፊቱ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር። የመጀመሪያው ቀን ደወል ሲጮህ ባልዲዎቹን በሁለት ዙር ተሸክሜ መታጠቢያ ቤት ወረወርኳቸው፤ አፈሩ ምንጣፉ ላይ ተበትኖ ወይዘሮ አስካለ በእግራቸው ረገጡት። ሁለተኛው ቀን አንዱ እንግዳ መታጠቢያ ቤት ልግባ አለ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣ ወደ ኬልደር አወረድኳቸው።

ኬልደሩን ታውቀዋለህ፤ ደረጃው ሥር ያለው የሳይክልና የአሮጌ ዕቃ ጨለማ። እዚያ አዋልኳቸው። አመሻሽ ላይ እንግዳ ሲወጣ አንድ በአንድ እያወጣሁ አንተ ክፍል አመጣቸዋለሁ፤ ግንብ ብቻ በሚታይበት መስኮትህ ሥር አንድ ሰዓት ታያቸዋለህ፣ ከዚያ «ቦታቸው ልመልሳቸው» ብዬ ይዤ እወጣለሁ። ወደ ኬልደር። ወር አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ሰው ምን ይለኛል ነው ነገሩ። የታመመ ባሏን ሐሺሽ ታስጨሳለች ይሉኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዞር ብለው ያዩኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ በሽታህን ለአገር ሁሉ አውጄ መድኃኒትህን ደበቅኩ።

ቅጠሎቹ መገርጣት ጀመሩ። ማደግም ተዉ ማለት ይቻላል፤ ግንዳቸው ብቻ እንደ ክር ቀጥኖ ይንጠራራል። አንተ ትራስህን ተደግፈህ ሰማያዊውን ደብተር አወጣህ። መጀመሪያ ውኃ አልክ። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ከትቼ እንድፈትሽ፣ ርጥብ ከሆነ እንዳላጠጣ አዘዝከኝ፤ ለካ በየቀኑ ሳጠጣ ነበር። ተውኩ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ምግብ አልክ። ቢጫው ከታችኛው ቅጠል ከጀመረ ናይትሮጂን ነው፣ ከላይኛው ከጀመረ ሌላ ነው ብለህ አስተማርከኝ፤ ከገበያ ያመጣሁትን ማዳበሪያ በግማሽ አቅጥነን ሰጠናቸው። የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ እንጂ አልተሻላቸውም። ከዚያ ሥር አልክ። ጋዜጣ አንጥፈን አንዱን ከባልዲው አወጣነው፤ ሥሩ ነጭና ጤነኛ ነው አልክ፣ ቦታም አልጠበበውም። ከዚያ ብርድ። ከባልዲው ሥር ጣውላ አድርጊ አልከኝ። ኬልደር ወርጄ ጣውላ አደረግኩላቸው።

አንድ ቀን ብቻ፣ ደብተሩን ሳታይ፣ «ብርሃን ያገኛሉ?» አልከኝ።

«ከጠዋት እስከ ማታ» አልኩህ።

ዳግመኛ አልጠየቅከኝም።

ነሐሴ ላይ ሜቭራው ኮሪን ጥሪያት አልክ። መጣች፣ መነጽሯን አድርጋ ግንዱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አፏን ከመክፈቷ በፊት አንተ ስለ ጉልበቷ ጠየቅካት። በዚያ በደከመ ድምፅህ፣ ዶክተሩ ስለ ጉልበቷ ምን እንዳላት፣ ድመቷ በልታ እንደሆነ፣ ልጇ ደውሎላት እንደሆነ ጠየቅካት። ሴትዮዋ ሻይዋን ጠጥታ ስትወጣ በሩ ላይ እጄን ጠበቅ አድርጋ ጨብጣ ወረደች። እኔ ያን ቀን ጨዋነትህ ገረመኝ፤ ሆዱ ምንም ሳይዝ ለሰው ጉልበት ይጨነቃል ብዬ። ሰው እንዲህ ደንቆሮ ይሆናል?

ቀሪውን አንተም ታውቀዋለህ። በመጨረሻ ውኃ ብቻ ሆነ። ሽሮ አምሮህ ነበር፤ ሠርቼልህ ሽታውን ብቻ አሸተትክ። ከአልጋ ሳነሳህ ሜሮንን ያነሳሁ ያህል ነበር የምትከብደኝ። ለመስቀል አራት ቀን ሲቀረው አረፍክ። ለቅሶው ሲያበቃ ባልዲዎቹ ትዝ አሉኝ፤ ወርጄ ሳይ ሦስቱም ወድቀዋል። አውጥቼ ቆሻሻ መጣያው ጎን አስቀመጥኳቸው። በሽታውም ተክሉም አንድ ላይ የመጡ፣ አንድ ላይ የሄዱ ነገሮች መሰሉኝ። አፈሩ አልበጀው ይሆናል፣ የዚህ አገር አየር አልተስማማው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ደብተርህን አንድም ቀን አልከፈትኩትም። የእጅ ጽሑፍህን ማየት አልችልም ነበር።

እንግዲህ ወደ ማክሰኞ ልምጣ።

ባለፈው ሳምንት ሜሮን ከትምህርት ቤት ሁለት ባቄላ ይዛ መጣች። አንዱን በእርጥብ ጥጥ መስኮት ላይ፣ ሌላውን እንደዚሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ማድረግ፤ በአሥር ቀኑ አውጥቶ ማየትና መሳል። ልብ ብዬ አልተከታተልኳትም፤ እኔ ጽዳት፣ እሷ ባቄላዋ። ማክሰኞ ወጥ እያማሰልኩ ሳለ፣ ቀኑ ሳይሞላ፣ የጨለማውን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ በኩራት ፊቴ ያዘችልኝ። ረጅም፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ገርጥቶ ወደ ነጭ የሄደ፣ ወደ አንድ ጎን የተንጠራራ። ግርማዬ፣ ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። ያንን ግንድ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በእጄ ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከርሜያለሁ። ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ብርሃን አጥቶ ነዋ» አለችኝ፣ እንዴት ይህን አታውቂም በሚል ፊት። ይሄን እኮ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል አለችኝ።

ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን የእርሻ መምህር እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ከአጥር ማዶ በአንድ እይታ የሰው ቲማቲም የምትዳኝ ሰው?

ሰማያዊውን ደብተር ከሻንጣው አወጣሁት። ያቺ የተጠጋጋች ጽሑፍህ። «ውኃ በዝቶ ነበር፤ ተስተካከለ፤ ለውጥ የለም» ተሰርዟል። «ምግብ፤ ለውጥ የለም» ተሰርዟል። «ሥር ደህና ነው» ተሰርዟል። «ብርድ» ተሰርዟል። በየመስመሩ እጅህ እየደከመ፣ ፊደሉ እየወደቀ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ብቻውን፣ ሳይሰረዝ የቀረ አንድ መስመር አለ።

«ብርሃን። የሺን አልጠይቃትም።»

ወጡ አርሮ ሜሮን መጥታ እስክታጠፋው ድረስ እዚያው ወለሉ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ እጠይቅሃለሁ። ሳጥብ እጠይቅሃለሁ፣ ትራም ላይ እጠይቅሃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው? ጣትሽን ክተቺ፣ ጣውላ አድርጊ እያልክ ስታዘኝ እያወቅክ ነበር? ራሷ ትናገር ብለህ ጊዜ እየሰጠኸኝ ነበር? አንድ ቀን «ግርማዬ፣ ኬልደር ናቸው፣ ሰው ፈርቼ ነው» ብልህ ምን ትለኝ ነበር? እኔ አውቅሃለሁ፤ ትስቅብኝ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ሐሺሽን ከበሶብላ አይለዩም፣ ተይ አውጪው ትለኝ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል አጣሁ። አንተ ደግሞ ከምታሳፍረኝ ርቦህ መሞት መረጥክ። ይሄ ያናድደኛል ግርማዬ፤ ይቅርታ፣ ግን ያናድደኛል። ምን አለበት ብትቆጣኝ? ምን አለበት «አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድይኝ ነው?» ብለህ ብትጮህብኝ? ጨዋነትህ ለሁለታችንም አልበጀንም።

ተክሎቹ ቢያድጉ ኖሮ ትድን ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም። ዶክተሩ ቁርጡን ነግሮናል። ግን ያቺን ሽሮ ትበላት ነበር ይሆናል። እኔ የማለቅሰው ለሽሮዋ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ያንን የገረጣ ባቄላ ከሜሮን እጅ ወስጄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። የትምህርት ቤት ሥራዬን አበላሸሽብኝ ብላ አለቀሰች፤ እስከ ዓርብ ቁም ሳጥን ውስጥ መቆየት ነበረበት። እንዲመለስ አልፈቀድኩላትም፣ ለምን እንደሆነም ልነግራት አልቻልኩም። መጋረጃውንም ገፈፍኩት። የዚህ አገር ሰው መጋረጃውን ከፍቶ ሲበላና ሲተኛ እያየን ነውር የላቸውም እንል ነበር፤ አሁን እኔም ከትራሙ እታያለሁ። ትናንት ወይዘሮ አስካለ መጥተው ምነው ቤቱን ገላጣ አደረግሽው አሉኝ። ተቀመጡ አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘሩን፣ ባልዲውን፣ ኬልደሩን፣ በየትኛው አፈር ላይ ረግጠው እንደገቡ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው «እኔን ፈርተሽ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እኔ እኮ ለሱ የሚበጅ ከሆነ ራሴ አጠጣው ነበር» አሉ። ይህን መስማት ከሁሉም ባሰብኝ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሜሮን ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል ባቄላውን አየሁት። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነዋል። ግንዱ ያው ቀጭን ነው፣ ቅጠሎቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። ሦስት ቀን ነው የፈጀበት ግርማዬ። ሦስት ቀን ብቻ።

አልረሳህም። ይህን ቃል የምገባልህ ለቅሶ ላይ እንደሚባለው አይደለም፤ መርሳት ብፈልግም የሚተወኝ አይደለም። ለሜሮን ሲገባት አባቷ ማን እንደነበር ከነደብተሩ እነግራታለሁ፣ የኔንም ሳልደብቅ። ጠዋት ጠዋት ያንን መጋረጃ በገፈፍኩ ቁጥር አስብሃለሁ። ደብተርህን ከመዝጋቴ በፊት ግን፣ ያቺ ሳይሰረዝ የቀረችው መስመርህ ሥር፣ ሳትጠይቀኝ የቀረኸውን መልስ በዚህ በማያምር ጽሑፌ ጻፍኩልህ።

«ብርሃን ነው። ኬልደር ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ያንተው የሺ